ስለ ጃን ሞሪስ የጻፍኩት ላይ ማስተካከያ

ባለፈው ስለ ዌልሳዊቷ ትራንስጀንደር ጸሐፊ ጃን ሞሪስ ስጽፍ፣ «የክብር ማዕረግ የተሰጣት በወንድ ስሟ ትታወቅ በነበረበት ዘመን ነው፣ ከዚያ በኋላ ረሷት» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፣ ይቅርታ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ሳለ አንድ ወዳጄ «ኧረ ተው፣ ዓመቱን እይ እንጂ!» ብሎ ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቀነው።

ሲቢኢ የሚባለውን የብሪታንያ የክብር ማዕረግ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጾታ የመቀየሪያ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገችው ግን በ1972፣ ሞሮኮ፣ ካዛብላንካ ውስጥ፤ ያን ሁሉ መንገድ የሄደችውም የእንግሊዝ ሐኪሞች መጀመሪያ ትዳርሽን አፍርሺ ስላሏት ነው። በመሃሉ በ1985 ልቦለዷ ቡከር የተባለው ታዋቂ የብሪታንያ የልቦለድ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ታዲያ «ረሷት»ን ከየት አመጣሁት? እንጃ።

ሌላው፣ ኤቨረስት ጫፍ ወጣች ማለቴ። አልወጣችም። በእኛ ግንቦት 1945 ጫፍ የረገጡት ሂላሪና ቴንዚንግ ናቸው፤ እሷ ዜናውን በምስጢር ቃል ወደ ለንደን የላከችው ጋዜጠኛ ናት። ዓመቱን 1953 ብዬ እ.ኤ.አ. ሳልል ስላለፍኩት የታኅሣሥ ግርግር ዘመን የመሰላችሁም አላችሁ።

ከባለቤቷ ከኤልሳቤጥ ጋር በሕግ ተፋትተውም አብረው መኖራቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ2008ም ጥምረታቸውን በሕግ እንደገና ማስመዝገባቸውን በትክክል ጽፌያለሁ።