በጀቱን ቆርጠው ጸሐፊዎቹን ማስወቀስ

ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ስለተባለው የአሜሪካ የዞምቢ (ተነሥቶ የሚሄድ ሬሳ) ተከታታይ ድራማ ወሬ በተነሣ ቁጥር ደሜ ይፈላል። «ሁለተኛው ምዕራፍ አንድ እርሻ ላይ ተተክሎ ቀረ» እያሉ ጸሐፊዎቹን ያብጠለጥላሉ። ምን ያድርጉ? የመጀመሪያው ምዕራፍ 6 ክፍል ነበር፤ ሁለተኛው 13 ሆነ። የአንዱ ክፍል በጀት ግን ከ3.4 ሚሊዮን ወደ 2.75 ሚሊዮን ዶላር መውረዱ ተዘግቧል። ያውም ተመልካቹ በጎረፈበት ሰዓት! ድራማውን ለቴሌቪዥን ያዘጋጀው ፍራንክ ዳራቦንትም በ2011 እ.ኤ.አ. ተባረረ።

ደግሞስ ያ በዚሁ ምዕራፍ ከውኃ ጉድጓድ በገመድ የተጎተተው ዞምቢ? ውኃ ጠጥቶ ያበጠ፣ ቆዳው የገረጣ፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ ከወገቡ ለሁለት የተበጠሰው! እንዲህ የለፉ ባለሙያዎች ሰነፎች ይባላሉ? ትናንት ይህን ስናገር አንዱ «ታዲያ ለምን ሰለቸኝ?» አለኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ጦሳ ተራራ ብርድ ወጣሁ።