እርጉዝ ላም የማታርዱ ሰዎች እርጉዝ አሳ ላይ ምን ነካችሁ

ወገን፣ ጣና ዙሪያ ያለህ የደራ የፎገራ የሊቦ የደንቢያ ሰው፣ ባህርዳር ቁጭ ብለህ አሳ ዱለት የምታዘውም ጭምር፣ ዛሬ ልቆጣ ነው የመጣሁት፣ እኔም ከቁጣው አላመልጥም።

ባለፈው ነሐሴ ወደ ጎንደር ስንወጣ ሐሙሲትን አልፈን ጉማራ ድልድይ ጋ ሹፌሩ ቆም አለና ልጆች አሳ በገመድ ሰክተው ወደ መስኮቱ ሮጡ። ነጭ አሳ ነው፣ ትልልቅ፣ ገና ጅራቱ የሚንቀሳቀስ። አንድ ገዛሁ፣ አልዋሽም። ማታ ቢላ ሳገባበት ሆዱ ከዳር እስከ ዳር እንቁላል ነው፣ ሌላ ነገር ማስገቢያ ቦታ የለውም። እሱን ጠርገን ጣልነውና ስጋውን ጠበስነው። ስበላ ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ አጥንት አልነበረም።

የፎገራ ሰው እስቲ ንገረኝ፣ ያቺን ስሟ አገር ያዳረሰ የፎገራ ላም ልትወልድ ሳምንት ሲቀራት በረት ገብቶ የሚያርዳት ጎረቤት ቢኖርህ ምን ትለዋለህ? አበደ ነው የምትለው፣ ሽማግሌም ትልክበታለህ። ታዲያ ወደ ጣና በሚገቡት ወንዞች፣ ጉማራ ላይ፣ ርብ ላይ፣ መገጭ ላይ፣ ግልገል አባይ ላይ በየክረምቱ የምናደርገው ይሄንኑ ነው እኮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ አሳ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ አይነት አሳ አይደለም፣ አጥኚዎቹ 15 ያህል ዝርያ ለይተውበታል፣ አብዛኞቹ ከጣና ውጪ የትም አይገኙም፣ ጢስ እሳት ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ቆርጦ ስላስቀራቸው እዚሁ ብቻቸውን የበዙ ናቸው። 8ቱ ሌላ አሳ አድነው የሚበሉ ናቸው፣ የሚገርመው ደሞ ወገናቸው በሙሉ መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ነው። ከ15ቱ ቢያንስ 7ቱ ሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ሐምሌ ላይ ወንዙ ሲሞላ አፉ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከዛ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ጠጠር ያለበት ንጹህ ፈጣን ውሃ ፈልገው ገባሮቹ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ ነሐሴና መስከረም ዋናው ጊዜ ነው። ፈረንጅ አገር ሳልመን የሚሉት አሳ አብዛኛው ወልዶ እዛው ወንዙ ላይ ይሞታል፣ የኛው ግን ጥሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፣ ከርሞ ደግሞ ይወጣል። ማለትም ዘንድሮ የገደልካት እናት የከርሞዋም ናት፣ የዛ ማዶዋም ናት።

እኛስ ምን እናደርጋለን፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ሐይቅ ላይ ተበትኖ ያስቸግር የነበረው አሳ በራሱ እግር (እግር ባይኖረውም) መጥቶ ጠባብ ቦታ ላይ ሲከማችልን ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በመረብ እንዘጋበታለን። የተያዘው ሲበዛ በረዶ የለ ፍሪጅ የለ፣ መንገድ ጭቃ ነው፣ ነጋዴው ትልቁን መርጦ ይወስድና የቀረው ረፋድ ላይ መሽተት ይጀምራል፣ ውሻና ወፍ ይጫወትበታል። እሺ የበላነውስ በላነው፣ ይሄኛውን ማን በላው?

ብርብራው ደሞ አለላችሁ። የዛፉን ፍሬ ወቅጦ አሳውን ለማደንዘዝ ኩሬው ላይ መበተን። አባቶቻችንም ያደርጉት ነበር ትሉኛላችሁ፣ አዎ ያደርጉ ነበር፣ ለቤታቸው ወጥ ነው፣ የዛሬው ለገበያ ነው። ብርብራ አሳው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ነው የሚያደርገው፣ እናቱን ከጫጩቱ ብሎ አይለይም፣ ውሃ ውስጥ ያለውን ትንኝ ትሉን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። አዋጁም አለ፣ የአሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995፣ ግን ወንዝ ዳር አዋጅ የሚያነብ አላየሁም።

እንደ ፈረንጆቹ በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ገባ። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ደግሞ እነዚህ ወንዝ ወጪዎቹ በክብደት ሲለኩ ሶስት አራተኛ ገደማቸው ጠፋ ብለው አጥኚዎቹ ጻፉ። አስር አመት! ያኔ የተወለደ ልጅ አሁን ድልድዩ ላይ አሳ የሚሸጠው ልጅ አባት ሊሆን ይችላል።

ግድቡስ፣ የመስኖ ፓምፑስ፣ አሸዋ የሚያወጣውስ የሚል ይመጣል። ልክ ነህ ወንድሜ፣ እነሱም ወንዙን ገድለውታል፣ ግን ያ አንተ መረብ ለመዘርጋትህ ፈቃድ አይሆንም። ስራ አጥ ልጅ ላይ ብቻ መጮህም አልፈልግም፣ እሱ የሚይዘው የሚገዛ ስላለ ነው፣ የሚገዛው ደሞ እኔና አንተ ነን። ይባስ ብሎ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ይገባል፣ አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወውና፣ ብዙ ሰው ስጋ ትቶ ወደ አሳ የሚዞረው አሳው ሊወልድ በሚወጣበት በዛው ሳምንት ነው።

የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እምቦጭ ሲመጣ ከጎንደር ከአዲስ አበባ ሳይቀር በአውቶብስ ተጭነን መጥተን እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ገብተን ነቅለናል፣ ጣና ህይወታችን ነው ብለን ቲሸርት አሳትመናል፣ ፎቶውም አለ። የዛኑ ቀን ምሳ ላይ ምን እንደበላን ማን ጠየቀ?

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ አሳ አትግዙ። ሆቴል ስትገቡ ምን አይነት አሳ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ አስተናጋጁ ካላወቀ ሽሮ እዘዙ፣ ሽሮ ማንንም ገድሎ አያውቅም። የቀበሌ ሰዎችም ወንዙ አፍ ላይ ለሁለት ሶስት ወር ጥበቃ ማቆም ያቅታችኋል ብዬ አላምንም፣ የሩዝ ማሳችሁን ከከብት ትጠብቁ የለ እንዴ።

እኔ ዘንድሮም በዛ ድልድይ አልፋለሁ። ልጆቹ ገመዱን ይዘው ከሮጡ እንዳትቆም ብዬ ለሹፌሩ ከወዲሁ ነግሬዋለሁ፣ እሱ ግን "አንተ ባትገዛ ከኋላ ያለው ይገዛል" አለኝ።