ፕሪኩዌል ማለት ሽጉጡ ከየት መጣ ማለት ነው እንዴ?

ስለ ፕሪኩዌል፣ ማለትም ከቀደመ ፊልም ታሪክ በፊት የሆነውን ስለሚተርክ ሥራ፣ ወሬ ሲነሳ «መጨረሻው እየታወቀ ምኑ ይታያል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰልችቶኛል። ከልቤ ነው፣ ሰልችቶኛል።

«ሮግ ዋን»ን እዩታ! እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ነው። ታሪኩ በ1977ቱ ፊልም መክፈቻ ጽሑፍ ላይ ተነግሮ አልቋል። ሰላዮች ዴዝ ስታር የተባለውን፣ ፕላኔት የሚያጠፋውን የጦር ጣቢያ ንድፍ ሰርቀዋል፣ በቃ። እንዲያም ሆኖ የጋሬዝ ኤድዋርድስ ፊልም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሰው ሲኒማ የገባው ንድፉ መሰረቅ አለመሰረቁን ለማወቅ አልነበረማ! የሰረቁት እነማን ናቸው? ምን ከፈሉበት? በኋላስ ስማቸውን የሚያነሳ ለምን ጠፋ?

መልሱ ይጨክናል። ሰራቂዎቹ ጂን ኤርሶ፣ ካሲያን አንዶር፣ ሮቦቱም ሳይቀር፣ ሁሉም ንድፉን በሰረቁባት ፕላኔት፣ ስካሪፍ ላይ ያልቃሉ። የጦርነት ፊልም እንዲህ ነው! ጨካኙ የጠላት ጦረኛ ዳርት ቬደር የሚመጣበትን ያንን ኮሪደር አስታውሱ። በሩ ተቀርቅሮ አልከፈት ይላል። ስሙን እንኳ የማናውቀው ወታደር ንድፉን በጠባቧ ክፍተት ያቀብላል። ከ1977ቱ ፊልም ጀግኖች አንዷ ልዕልት ሊያ እጅ እንደሚገባ እያወቅን ትንፋሻችን ቁርጥ ይላል። ወታደሩ እንደማይተርፍ እናውቃለና! መጨረሻውን ማወቃችን ነው ትዕይንቱን ያከበደው።

አሁን የስታር ዋርሱ ተወዳጅ ኮንትሮባንዲስት ሃን ሶሎ ፕሪኩዌል ወደሆነው ወደ 2018ቱ «ሶሎ» ኑ። ሃን ሶሎ የአባት ስሙን ከየት አመጣ? ብቻውን መሆኑን የሰማ ወታደር መልማይ «ሶሎ» ብሎ መዘገበው። ሽጉጡን ማን ሰጠው? ይኸው። ጓደኛውን ቹባካን የት አገኘው? ይኸው። ማን ጠየቀ? በስንት ጉጉት የጠበቅነውን ሰውዬ የዕቃ ዝርዝር አደረጉት። በጣም ያሳዝናል።

ማብራራት ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። ያን የሚያህል ጣቢያ፣ ዴዝ ስታር፣ በ1977ቱ ፊልም በአንዲት ቀዳዳ ምክንያት መፈንዳቱ ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። «ሮግ ዋን» መልስ ሰጠ፤ ተገዶ የሠራው የጂን አባት ሆን ብሎ ድክመት ቀብሮበታል። ይሄ ማብራሪያ የአንድ አባት በቀልም ነው። ሰው አለበት።

ስለ ካሲያን የተሠራው ተከታታይ ድራማ «አንዶር» ደግሞ አለ። ካሲያን ሲሞት 2016 ላይ አይተናል። ከዚያ በ2022 እና በ2025 በወጡት ሁለት ምዕራፎች፣ 24 ክፍል ሙሉ፣ ከሱ ጋር ተጨነቅን። ናርኪና 5 እስር ቤት ውስጥ ፈረቃ እየተቀያየሩ ዕቃ የሚገጣጥሙትን እስረኞች ታስታውሳላችሁ? የሚገጥሙት የዴዝ ስታርን ክፍል መሆኑን አያውቁም። እኛ ግን በኋላ አየነው። ካሲያንም በገዛ እጁ ገጥሞታል፤ የሚገድለውን መሣሪያ!

እና እናንተ ስቱዲዮዎች፣ የሽጉጡን ታሪክ ለራሳችሁ ያዙት። ለእኛ እነዚያን እስረኞች ስጡን።