ከ«ስትረስ ነው» ቀጥሎ ያለው ጥያቄ

ደሴ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይዛችሁ ትንሽ ብትቀመጡ ቃሉን ሳትሰሙ አትነሱም። ተማሪው «ፈተናው ስትረስ አድርጎኛል» ይላል። የቤንዚን ሰልፍ የያዘው ባለ ባጃጅ «ዛሬ ስትረስ ላይ ነኝ፣ አታናግረኝ» ይላል። ዕቃዋ መንገድ ላይ ያደረባት ነጋዴ «ስትረሱ ሊገለኝ ነው» ትላለች። ዕድሜያቸው ገፋ ያለው «ቴንሽን» ወይም «ነርቨስ ሆንኩ» ማለት ይቀናቸዋል። ስልክ ላይ የሚውሉት ወጣቶች ደግሞ «አንዛይቲ አለብኝ» ማለት ጀምረዋል።

እንግሊዝኛ ቃል ለምን ገባብን ብዬ አልከስም። ወሎ ስንቱን ቃል ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል። «አብሽር» ራሱ ከዐረብኛ መጥቶ እዚሁ ቤቱን ሠርቷል። ዛሬ ወሎዬ የተጨነቀ ሰው ሲያይ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው እሱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉ ከተባለ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። ወሬው እዚያው ያልቃል። ተናጋሪው የሚቀጥል ነገር የለውም፤ ሰሚውም አይጠይቅም።

የጎረቤቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ነበር። እህል አልቀምስ አለች። እናቷ ቡና እየቆሉ ጠየቋት።

«ምን ሆንሽብኝ የኔ ዓለም?»

«ምንም አይደል እማ፣ ስትረስ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«በቃ አለ አይደል፣ የትምህርት ነገር።»

«አብሽሪ ልጄ። አላህ ያቀለዋል።»

አለቀ። ቡናው ተወቀጠ፣ ሌላ ወሬ ተነሳ። ልጅቷ ግን ሌሊት ሌሊት ልቧ እየደለቀ ከእንቅልፏ ትነቃ ነበር። ትንፋሽ ያጥራታል፣ እጇ ይደነዝዛል፣ አሁን ልሞት ነው ትላለች። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃታል። ከዚያ ደግሞ «መቼ ይመለስብኝ ይሆን?» እያለች ቀኑን ሙሉ ስትፈራ ትውላለች። ይህን በኋላ ለእኔ ነው ያጫወተችኝ። እናቷ ቢሰሙ ኖሮ ቡናውን ጥለው እንደሚነሱ አውቃለሁ። ግን የሰሙት «ስትረስ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያስደነግጥ ቃል አይደለም።

ይህ የሷ ነገር በሐኪሞች ዘንድ ስም ያለው፣ ሕክምናም ያለው ችግር ነው። በድንገት የሚመጣ የፍርሃት ማዕበል ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካል። ብዙ ሰው የልብ በሽታ መስሎት ከሐኪም ሐኪም ይዞራል፤ ልቡ ተመርምሮ ደህና ነው ይባላል። አንዳንዴም ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ልብን የሚያስመታው የታይሮይድ ዕጢ ችግር ወይም የደም ማነስ ሆኖ ሳለ «ስትረስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እንደኛ ቡና ሦስት ጊዜ በሚፈላበት፣ ጫትም በማይጠፋበት አገር ደግሞ እንቅልፍ ማጣትና ልብ መምታት ከዚያም ሊመጣ ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሰውየው የሚሰማውን አንድ በአንድ ሲናገር ነው።

በዚህ ነገር እናቶቻችን ከእኛ ይሻላሉ። «ልቤ ትር ትር ይልብኛል» ይላሉ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ።» «ሆዴን ባር ባር ይለኛል።» «እህል አልወርድ አለኝ።» እንዲህ ያለ ንግግር የተማረ ሰው ሲሰማው ኋላ ቀር ይመስለው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን፣ በአገራችንም ለጥናት ሲያገለግል የኖረውን ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ግን ተመልከቱ። ያለፈውን አንድ ወር ነው የሚጠይቀው። የሚጀምረው ከራስ ምታት ነው። ቀጥሎ የምግብ ፍላጎት፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ቶሎ መደንገጥ፣ ከዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ። ጭንቀትን በስሙ ጠርቶ የሚጠይቀው ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። እናቶቻችን ሳይጠየቁ የሚናገሩትን ነው መጠይቁ ፈልፍሎ የሚያወጣው።

ለተማሪዎቹ አዝናለሁ። የሚያስጨንቃቸው ነገር ተረት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ልጆቹ ከቤታቸው ርቀው ነው የሚፈተኑት። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚህ የማይጨነቅ ልጅ ካለ ነው የሚገርመኝ። ይህ ጭንቀት ግን ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል፣ ለብዙዎቹ። የማያልፍ አለ። ያኛውንም ይኼኛውንም በአንድ ቃል ስንጠራ የማያልፈው ተደብቆ ይቀራል።

ወሎ ላይ ደግሞ የተደበቀው ብዙ ነው። በ2013 ክረምት ወልድያና አካባቢዋ፣ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነት ሜዳ ሆኑ። ደሴና ኮምቦልቻ እስኪለቀቁ ኅዳር ሊያልቅ ደረሰ፤ ወልድያ እስክትለቀቅ ደግሞ ታኅሣሥ ገባ። ሰው ሞተ፣ ሰው ሸሸ፣ ጤና ተቋማት ሳይቀሩ ተዘረፉ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህም ተኩስ ከክልሉ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በግጭት ውስጥ ያለፉ አካባቢዎችን አስልቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህን ቁጥር ወደ ራሳችን ሰፈር አምጡት። አምስት ሰው ማለት አንድ ቡና ላይ አብሮ የሚቀመጥ ጎረቤት ማለት ነው።

ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ሰው አውቃለሁ። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ከባንኮኒው ሥር ወድቆ አየሁት። ዘይት ልትገዛ የመጣች ልጅ ቆማ ታየዋለች። ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ዘይቱን ለመቅዳት ሞከረ። እጁ ስለተንቀጠቀጠ ከጠርሙሱ ውጪ ፈሰሰ። «ስትረስ ነው ባክሽ፣ አትሳቂብኝ» አላት። ልጅቷ አልሳቀችም። ያ ሰው ጦርነቱ ሲያልፍ የት እንደነበር፣ ምን እንዳየ ሰፈሩ ያውቃል። ሱቁ በደረስኩ ቁጥር ከሰው ጋር ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚያወራው። የሱን ሁኔታና የባለ ባጃጁን የቤንዚን ሰልፍ በአንድ ቃል መጥራት ለእኔ ከባድ ነው።

አንድ ነገር መካድ የለብኝም። ቃሉ ጥቅም አለው። «ወንድ ልጅ አይፈራም» ተብሎ ያደገ ጎልማሳ «ፈራሁ» ከሚል «ስትረስ ላይ ነኝ» ቢል ይቀለዋል። «የአእምሮ ሐኪም ጋ ልሂድ» ያለ ሰው «አበደ» ሊባል ይችላል፤ «ስትረስ በዝቶብኝ» ያለውን ግን ማንም አይሸሸውም። ስለዚህ ቃሉን ከሰው አፍ ለመንጠቅ አልጽፍም። በር ሆኖ ያገልግል። ችግሩ በሩ ላይ ቆመን መቅረታችን ነው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ከሰሚው ይምጣ ነው የምለው። የተጨነቀ ሰው አንደበቱ ይታሰራል፤ እሱ እስኪያብራራ መጠበቅ ደግ አይደለም። «ሌሊት ትተኛለህ?» «ከመቼ ጀምሮ ነው?» «ሥራህን ትሠራለህ ወይስ አልሆን ብሎሃል?» ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። የሐኪሞቹም መለያ ከዚህ አይርቅም። ድንገተኛው አደጋ ካለፈ ከወር በላይ ቆይቶ ያው ቅዠት፣ ያው ድንጋጤ ካልለቀቀ ሕክምና ይፈልጋል። ስለ ሁሉም ነገር ያለ ልክ መጨነቅ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከዘለቀ እንደዚሁ። «ከመቼ ጀምሮ?» የምትለው ጥያቄ ብዙ ነገር ትፈታለች።

ለመጠየቅ የሚሆን ቦታም አላጣንም። ቡናው አለ። ቅሬው፣ ማለትም ዕድራችን፣ አለ፤ ለቀብር ብቻ ለምን ይሰበሰባል? ወዳጃ አለ፣ ሰው ጭንቁን ይዞ የሚመጣበት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዱአ የሚያስደርግበት። ጠበሉም አለ። ዱአ ወይም ጠበል ይቅር የሚል ሰው ወሎን አያውቅም። ዱአ ያደረጉ አባት «ጤና ጣቢያም ሂድ ልጄ» ቢሉ ግን ከማንም ይበልጥ ይሰማሉ። እንዲህ የሚሉ አባቶች አሉ፤ ቢበዙልን ደስ ይለኛል።

ጤና ባለሙያዎቻችንንም እለምናለሁ። ወረፋው ረጅም እንደሆነ፣ ድካማችሁ እንደበዛ አውቃለሁ። ታካሚው «ስትረስ ነው መሰለኝ» ሲላችሁ ካርዱ ላይ ያንኑ ጽፋችሁ በእንቅልፍ ኪኒን አትሸኙት። እነዚያ ኪኒኖች ሲደጋገሙ ሱስ ያስይዛሉ። ለጭንቀት በንግግር የሚሰጥ ሕክምና አለ፣ ሱስ የማያስይዝ መድኃኒትም አለ። በዓለም ደረጃ እንኳ ከጭንቀት ሕመምተኞች ሕክምና የሚያገኘው ከአራት አንድ ገደማ ነው ይባላል። በራፋችሁ ድረስ የመጣውን አንዱን አታስመልጡት።

ከዚያ መጠይቅ ውስጥ ሰው ለመጠየቅ የሚፈራው አንድ ጥያቄ አለ። ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቀው ነው። ብንጠይቀው ሐሳቡን እናስገባበታለን ብለን እንፈራለን። አናስገባበትም። እንዲያውም የተጠየቀ ሰው ትንፋሹ ሲመለስ ይታያል። ስለዚህ የምትወዱት ሰው «ስትረስ ነው» ካለ በኋላ ፊቱ ጥሩ ካልመሰላችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጠይቁት። «አዎ» ካላችሁ ያን ቀን ብቻውን አይደር። ጠዋት አብራችሁት ሆስፒታል ሂዱ፤ ካርድ እናንተ አውጡለት፣ ወረፋው ላይ አብራችሁት ቁጭ በሉ።