«አውቆ ነው» ከማለታችን በፊት

አጎቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ ምሳውን ግማሹን ብቻ ይበላ ጀመር። በቀኝ በኩል ያለው እንጀራ ከነወጡ ይጠረጋል። በግራ በኩል ያለው አይነካም። ከዚያ ቀና ብሎ «ዛሬ ምነው አሳነሳችሁት?» ይላል።

ባለቤቱ ተቆጣች። «እያየው!» አለች። አንድ ጎረቤት ደግሞ «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ብሎ ተረተ። እኔም ብሆን በሆዴ «ሕመሙ አጉል አመል አስተማረው» ሳልል አልቀረሁም። ጺሙን ሲላጭ የግራ ጉንጩ እንዳለ ይቀራል። በግራው ቆሜ ሰላም ስለው ዝም። ዞሬ በቀኙ ስመጣ ፈገግ ብሎ «መቼ መጣህ?» ይለኛል።

አንድ ቀን ልጁ ሳህኑን አዞረችው። ያው ሳህን፣ ያው ምግብ። ፊቱ በራ። «ጎሽ፣ ጨመራችሁልኝ!» ብሎ የቀረውን ጨረሰ። ነገሩ የገባን ያን ቀን ነው።

የአጎቴ ዓይን ደህና ነው። የተጎዳው በቀኝ በኩል ያለው የአንጎሉ ክፍል ነው፤ በተለይ ፓራይታል የሚባለው፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያለው። ይህ ቦታ ሲጎዳ ትኩረት ወደ ግራ መሄድ ያቆማል። ማየት የዓይን ሥራ ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ «እዚያ ጋ ነገር አለ» ብሎ የሚጠቁም አንጎል ከሌለ ዓይን ብቻውን ምንም አያደርግም።

ጉዳቱ ፊት ለፊት ባለ ነገር ላይ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1978 ኤድዋርዶ ቢዚያክና ክላውዲዮ ሉዛቲ የተባሉ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች፣ ሚላንን አብጠርጥረው የሚያውቁ ሁለት ታማሚዎችን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። የከተማዋ ካቴድራል ያለበትን አደባባይ በሐሳባችሁ ሳሉ፤ ፊታችሁን ወደ ካቴድራሉ አዙሩና የሚታያችሁን ንገሩን አሏቸው። ታማሚዎቹ በቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች ቆጠሩ፣ የግራዎቹን ዘለሉ። ቀጥሎ ካቴድራሉ ደጃፍ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ አደባባዩ እንዳዞራችሁ አስቡ ተባሉ። አሁን ቅድም የዘለሏቸውን ጠሩ፤ ቅድም የቆጠሯቸው ደግሞ ጠፉ። እንግዲህ አደባባዩ በትዝታቸው ውስጥ ሙሉውን አለ። የሚደርሱበት ግን ግማሹ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ጆን ማርሻልና ፒተር ሃሊጋን እንግሊዝ ውስጥ ያወጡት ጥናት ነው። ለአንዲት ታማሚ ሁለት የቤት ሥዕል አሳዩዋት። የአንደኛው ቤት የግራ ጎን በእሳት ይነድዳል። «ልዩነት አላቸው?» ሲሏት «አንድ ናቸው» አለች። «የትኛው ውስጥ መኖር ትመርጫለሽ?» ሲሏት ግን ጥያቄውን እንደ ሞኝ ጥያቄ ብትቆጥረውም፣ አብዛኛውን ጊዜ የማይነድደውን መረጠች። በሌሎች ታማሚዎች ላይ ሲሞከር ውጤቱ ሁልጊዜ እንዲህ አልመጣም። ቢሆንም «አውቆ ነው» የሚለውን ቃላችንን ያናጋዋል። እሳቱን አንጎሏ አይቶታል፤ እሷ አላየችውም። ታዲያ አወቀች እንበል ወይስ አላወቀችም?

የሌሎች የአንጎል ክፍሎች ጉዳትም ከሰው ሐሜት አያመልጥም። ፊት የሚለየው ክፍል የተጎዳበት ሰው ወንድሙን መንገድ ላይ አልፎት ይሄዳል፤ በድምፁ ካልሆነ አይለየውም። እኛ ሰፈር ግን ሰላም ሳይል ያለፈ «ኮራ» ነው የሚባለው። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ጆሴፍ ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1914 የጻፈላቸው ታማሚዎች ደግሞ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ሳለ ሽባ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ውሸታም ማለት ምንኛ ይቀላል!

ቅሬታዬ ይኸውና። ከሆስፒታል ሲያሰናብቱን የግፊት ክኒን አዘዙልን፣ «ጨው ቀንሱ» አሉን። «ግራው ጠፍቶበታል» ያለን ግን የለም። ሐኪሞቹ ምን ያህል ሰው እንደሚጠብቃቸው አይቻለሁ። ግን ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፣ አንድ ወረቀት ይበቃል። ረጅም አግድም መስመር ታሰምርና «መሀሉ ላይ ምልክት አድርግ» ትለዋለህ። እንዲህ ያለ ታማሚ ምልክቱን ወደ ቀኝ ወስዶ ያደርገዋል። ሰዓት ሳል ብትለው አሥራ ሁለቱንም ቁጥር በቀኝ በኩል ሊያጭቃቸው ይችላል። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ቤተሰብ ካልተነገረው ደግሞ ጣጣው ከምሳ ያልፋል። በግራ የተቀመጠ ትኩስ ቡና እጅ ያቃጥላል። መንገድ ስንሻገርም መጀመሪያ የሚደርስብን መኪና የሚመጣው ከግራ ነው። አጎቴ ብቻውን ወጥቶ ታክሲ ሊገጨው ለጥቂት ነው የተረፈው። እሱ ሹፌሩን ይወቅሳል፤ መኪናው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ብዙ ሰው በጊዜ ሂደት ይሻለዋል፣ ልምምድም ያግዛል። እኛ ቤት የትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። ልጁ «አባዬ፣ ቀዩን ፈልግ» ትለዋለች። አንገቱን ቀስ እያለ ያዞራል፣ አንዳንዴ መሀል ላይ ይሰለቸውና ይተወዋል። ባለፈው እሑድ ግን ማንም ሳይነግረው ሪባኑን አገኘው። ትሪውን ዳር እስከ ዳር አየና ባለቤቱን «አሁንስ አበዛሽው» አላት።