የፏፏቴው ኮሚቴ

ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። ጢስ ዓባይን ግን እስከ 2010 ዓ.ም. ክረምት ድረስ የማውቀው በአንድ ብር ኖት ላይ ነበር። አትፍረዱብኝ፤ ብዙ ነን። ፏፏቴው ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይኼ ደግሞ ክፉ ርቀት ነው። ቢርቅ ቆርጠን እንሄድ ነበር። ቢቀርብ ለሽርሽር በእግራችን ብቅ እንል ነበር። 30 ኪሎ ሜትር ግን «ዛሬ ባይሆን ነገ» የሚባልለት ርቀት ነው። እኔ ነገ፣ ነገ ስል ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞላኝ።

እንግዳ ሲመጣ ግን አፋችን አያርፍም። «ወደ 40 ሜትር ይወረወራል! ክረምት ሲሞላ ጎኑ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል! ጢሱ ከሩቅ ነው የሚታይህ!» እንላለን። እጃችንን ዘርግተን ስፋቱን ስናሳይ ያየን ሰው ፏፏቴው ሥር ያደግን ነው የሚመስለው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያለው ሰው የእኛን ሰፈር ሳያውቅ አልቀረም።

ነገሩን የቆሰቆሰችው አሪዞና ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ለፋሲካ ደውላ እንኳን አደረሳችሁ ከተባባልን በኋላ፣

«በሰመር ፏፏቴ ለማየት በእግር ልሄድ ነው» አለችኝ።

«በክረምት?» አልኳት። ሰመር ወደ አማርኛ ሲመለስ ክረምት ነው የሚሆነው።

«አዎ፣ ግን ዝናብ የሌለበት ክረምት ነው። በረሃ ነው።»

«በረሃ ውስጥ ደግሞ ምን ፏፏቴ አለ?»

ሃቫሱ ይባላል። ግራንድ ካንየን አጠገብ፣ ሸለቆ ውስጥ ነው። መኪና አይገባም። ከአፋፉ ተነሥቶ ታች ያለችው መንደር ለመድረስ 13 ኪሎ ሜትር፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ለመድረስ ደግሞ 16 ኪሎ ሜትር በእግር ነው። ለመንደሯ ፖስታ የሚደርሳት በበቅሎ ነው። አገሩ የሃቫሱፓይ ሕዝብ ነው፤ ስማቸው ራሱ የሰማያዊ አረንጓዴ ውሃ ሰዎች ማለት ነው። ውሃውን እንዲያ ያሳመረው የሟሟበት የኖራ ድንጋይ ነው አለችኝ። የእኛው ዓባይ በክረምት የምጥን ሽሮ እንደሚመስል ላስታውሳት አልፈለግሁም።

«ቁመቱስ?» አልኳት።

«30 ሜትር ገደማ።»

ደስ አለኝ። ምን እንዳስደሰተኝ አላውቅም። አንዴም ሄጄ ያላየሁት ፏፏቴ አንዴም ያላየሁትን ፏፏቴ በለጠው። እሷ ግን ቀጥላ፣ ከዚያው ዝቅ ብሎ ሙኒ የሚባል 60 ሜትር ገደማ የሆነ ሌላ እንዳለ ልትነግረኝ ጀመረች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አልኳት።

ፈቃዱን የያዘችው በጥር ነው። ያለ ፈቃድ መግባት አይቻልም፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚባል ነገርም የለም። የምትገባው ሐምሌ 3 ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጉዞ እንደምትጀምር፣ ስንት ሊትር ውሃ እንደምትሸከም፣ የትኛውን ካልሲ እንደምታደርግ ሳይቀር ወስናለች። ሦስት ወር ቀደም ብላ ካልሲ የወሰነች ሴት! እኔ የዚያን ቀን ያደረግሁት ካልሲ ራሱ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም ነበር።

ስልኩን ስዘጋ ሐሞቴ ፈስሷል። እሷ በረሃ ለበረሃ በእግሯ ልትኳትን፣ እኔ በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ያቅተኛል? በማግስቱ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሁሉም ተቆጩ። አንዱን ይበልጥ የከነከነው የበቅሎው ነገር ነበር። «እኛ ጎጃሞች በቅሎ ትተን በባጃጅ እየተጋፋን፣ አሜሪካኖች ፖስታ በበቅሎ?» አለ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው።

ዘጠኝ ነበርን። በዕድሜ የሚበልጡንን ጋሼን ሰብሳቢ አደረግን። አስተማሪው ጓደኛችን ጸሐፊ ሆነ። ባንክ የምትሠራዋን ገንዘብ ያዥ አልናት፤ «ባንክ ስለሠራሁ ነው?» ብላ ብትቆጣም አልሰማናትም። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ተከፈተ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም የአበባ ስቲከር ላከ። በማግስቱ «እንዴት አደራችሁ ውድ የጉዞ ቤተሰቦች» ተጀመረ። ስለ ጉዞው የሚያወራ መልእክት ለማግኘት ወደ ላይ ብዙ መጎተት ነበረብህ።

ከሰው ሁለት ሁለት መቶ ብር ተዋጣ። 1,800 ብር። የሚሰበሰብ ሰው ደግሞ ባዶ ሆዱን አይሰበሰብም። ጣና ዳር ያለች አንዲት ዓሣ ቤት ተመረጠች። የመጀመሪያው ስብሰባ ሰኔ ላይ ስለነበረ፣ የሐዋርያት ጾም ነው። እናም የመጀመሪያው አጀንዳ ሳይታሰብ «ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ?» ሆነ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሁለቱ ይበላል አሉ። ሦስቱ አይበላም አሉ። ጋሼ «እኔ በግሌ አልበላም፤ ግን የታዘዘ ነገር ይባክን አልልም» አሉ። ጉላሹ እንደቀረበ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ «በዚህ ነጥብ ላይ ሐሳብ ተለዋውጠን ወደ ቀጣዩ ተሻግረናል» ብሎ ጻፈ። ዓሣው ጣፍጦ ነበር።

ሁለተኛው ስብሰባ ቀን ለመቁረጥ ነበር። ሰው ሥራ ስላለው ቅዳሜ ይሁን ተባለ። በዚህ ሁላችንም ተስማማን። ከዚያ በኋላ የተስማማንበት ነገር ትዝ አይለኝም።

ሐምሌ 7? ሥላሴ ነው፤ የገንዘብ ያዧ እናት ይዘክራሉ። ሐምሌ 14? አቡነ አረጋዊ፤ የአንዱ ማኅበር ነው፣ ተራውም የደረሰው እሱን ነው። ሐምሌ 21? ማርያም። ዝም ተባለ። ሐምሌ 28? አማኑኤል። ነሐሴ 5? አቦ፣ ያውም ፍልሰታ ገብቶ። በፍልሰታ በሽሮና በቆሎ ተራራ አልወጣም ያለ አለ። ተራራ የለውም ብንለውም አልወጣም አለ። ነሐሴ 12? ሚካኤል። ነሐሴ 19? ገብርኤል። ከመካከላችን ብቸኛው ሙስሊም ሁሉንም በትዕግሥት ሲያዳምጥ ቆይቶ «እኔ የትኛውም ቀን ይመቸኛል» አለ። ተስፋችን ለመለመ። ቀጥሎ «ብቻ ከአረፋ ሳምንት ውጭ ይሁን» አለ። አረፋ ደግሞ ነሐሴ 15 ነው።

«እሑድስ?» አልኩ እኔ።

ሁሉም አዩኝ። እሑድ እኮ እድር ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ስብሰባ በመኪና አለቀ። አባዱላ ይከራይ ተባለ። የተጠየቀው ሾፌር መንገዱ ጠጠር ነው፣ ጎማ ይበላል፣ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ብሎ ዋጋውን ሰቀለው። አምስተኛው ላይ ስንቅ ተነሣ። በሶ ይሻላል፣ ዳቦ ቆሎ ይሻላል የሚለው ክርክር እኔ በሕይወቴ ከሰማሁት ክርክር ሁሉ መራሩ ነው። ሁለት ሰው ተኳረፈ። ስድስተኛው ስብሰባ እነሱን ለማስታረቅ ተጠራ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ሰማዩ እየተቀደደ ይዘንብ ነበር። ለፏፏቴ ይኼ መልካም ዜና ነው። ጢስ ዓባይ ላይ በ1956 አንድ፣ በ1993 ደግሞ ሁለተኛ የኃይል ማመንጫ ተሠርቷል። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደዚያ ይሄዳል። በበጋ የሄደ ሰው ገደሉን አይቶ ነው የሚመለሰው። እኛ ደግሞ አምፖል ሥር ቁጭ ብለን ስለ ፏፏቴው ስንሰበሰብ ያለ ዋጋ አልነበረም ለማለት ነው።

ሐምሌ 6 የአክስቴ ልጅ ደወለች። ድምጿ ተሰባብሯል።

«ደህና ነኝ፣ አትደንግጥ» አለች። እንዲህ ሲባል የማይደነግጥ ማን አለ?

ሐምሌ 4 ማታ እሷ ድንኳን ውስጥ ሳለች ጎርፍ መጣ። በረሃ ውስጥ ጎርፍ እንዲህ ነው፤ አንተ ጋ ባይዘንብ እንኳ ላይ የዘነበው ደረቁን ሸለቆ ይዞ ይወርድብሃል። 200 የሚሆኑ ጎብኚዎች ከዚያ እንዲወጡ ተደረገ። እሷን በሄሊኮፕተር ነው ያወጧት። ያ ሰማያዊ አረንጓዴ ውሃስ?

«ጭቃ ሆነ» አለችኝ። «ልክ እንደ ዓባይ።»

ወሬውን ለኮሚቴው ሳደርስ ሁሉም በሐዘን ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ቀስ እያለ የሁሉም ፊት መብራት ጀመረ። ጋሼ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና «ተመልከቱ። ከጥር ጀምራ ያቀደች ልጅ ናት። እኛ እስካሁን ያልሄድነው ዝም ብለን አይደለም» አሉ። ጸሐፊው ይህን በቃለ ጉባኤ አሰፈረው። እዚያው ላይ «የኮሚቴው ጥንቃቄ በተግባር ተረጋግጧል» የሚል ጨመረበት። ድራፍት ታዘዘ። ሰባተኛው ስብሰባ ይኼ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር መጣች። እንቁጣጣሽን ቤተሰብ ጋ ልታሳልፍ ነው። ዓርብ ማታ ቡና እየተጠጣ «ነገ ጢስ ዓባይ እንሂድ» አለች።

«ነገማ አይሆንም። ኮሚቴው...»

«የምን ኮሚቴ?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ለሰው ስታስረዳው ነው ነገሩ የሚያሳፍረው። ገንዘብ ያዧ ጋ ደወልኩ። ደብተሯን ይዛ መጣች። ባለ መስመር ደብተር ነው፣ ቀዩ እስክሪብቶ ከሰማያዊው በዝቷል። ዓሣ ጉላሽ 4። ጥብስ 3። ድራፍት 14። አምቦ ውሃ 1፤ ይኼ የጋሼ ነው፣ ሆዴን ነፋኝ ብለው። ገጹን ስትገልጠው ያው ነው፣ ስትገልጠው ያው። በመጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፦ ለጉዞ የቀረ፣ 85 ብር።

«ለሦስት ሰው የአውቶቡስ ይበቃል» አለች የአክስቴ ልጅ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ ተነሣን። ግሩፑ ላይ «ድንገት ሄደናል፣ የምትመጡ ካላችሁ» ብዬ ጻፍኩ። ስድስት የአበባ ስቲከር መጣልኝ።

ጢስ ዓባይ ከተማ ወርደን ትኬት ቆረጥን። አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ዱላ አከራየን፤ ራሱም አብሮ ተከራየ መሰለኝ፣ ከእኛ አልተለየም። ጭቃው የአክስቴን ልጅ የአሪዞና ቦት ጫማ ምንም አላለውም። የእኔን ጫማ ግን ከእግሬ ላይ አውልቆ አስቀረው። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የአላታን ድንጋይ ድልድይ የተሻገርኩት አንድ እግሬ ባዶውን ሆኖ ነው። ድልድዩ ብዙ ዓይነት መንገደኛ አይቷልና አልደነቀውም።

ከድልድዩ ማዶ ዳገቱን ስንያያዘው አንዲት እናት ጀርባቸው ላይ እንስራ የሚያህል ሸክም አዝለው፣ በባዶ እግራቸው፣ ቁልቁል እየወረዱ አገኙን። እኛ እናለከልካለን። እሳቸው ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩን።

«ልጆቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ምንም አልጠፋብንም እማማ። ውሃውን ልናይ ነው።»

«ከወዴት መጣችሁ?»

«ከባሕር ዳር።»

ትንሽ አሰቡ። ከልባቸው ነው የተጨነቁት።

«ጣና ደረቀ እንዴ?»

የአክስቴ ልጅ ሣቋ መጥቶ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ከአሪዞና ጎርፍ በኋላ መጀመሪያ የሣቀችው ያኔ ነው አለችኝ።

ፏፏቴውን አየሁት። ብዙ አላወራም፤ ለእንግዳ ስናወራው የኖርነው ሁሉ ልክ ነው፣ ስፋቱን በእጅ ማሳየቱ ብቻ ሲያንሰው ነው። ጢሱ ፊትህን ያጥብሃል። አጠገብህ ያለ ሰው ሲጮህ አፉን እንጂ ድምፁን አታገኘውም። ሦስታችንም ዝም ብለን ቆምን። ከሰባት ስብሰባ በኋላ ሐሳብ የሚሰጥ ሰው ጠፋ።

ከዚያ ኪሴ ገብቼ አንድ ብር ኖት አወጣሁ። ከሥዕሉ ጋር ላስተያየው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ኖቱን ከፍ አድርጌ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሳነጻጽር፣ ባለ ዱላው ልጅ እጅጌዬን ጎተተኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ብር ብቻ?»

በሳምንቱ ጋሼ ግምገማ ጠሩ። ዓሣ ቤቷ ጋ። ዘጠኛችንም ተገኘን፤ ያልሄዱት ሰባቱ ቀድመው መጥተዋል። ብዙ የተናገሩትም እነሱ ናቸው። አንዱ የሰዓት አጠባበቁ ላይ ክፍተት ነበር አለ። ሌላው በሶ አለመያዛችን ትልቅ ስሕተት መሆኑን አነሣ፤ የዳቦ ቆሎው ወገን ይህን በዝምታ አላለፈውም። ጸሐፊው በመጨረሻ «የ2010 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ጉዞ በኮሚቴው ብርቱ ጥረት ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል» ብሎ ጻፈና ለፊርማ አዞረው። ፈረምኩ።

ስንወጣ ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። ሰው እስኪያልፍ ጠበቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስማኝማ» አሉኝ። «ለመሆኑ፣ ውሃው ነበረ?»