መንገዱ የአላፊ አግዳሚው፣ ዕዳው የደጃፉ

መንገድ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ወጪውን ግራና ቀኝ ያሉት ባለንብረቶች ይሸፍኑ የሚለው አሠራር ሰሞኑን ሌላ ጠበቃ አግኝቷል። አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ስብሰባ ላይ ቆመው፣ የመንገዱ ዋና ተጠቃሚ ባለቤቱ ነው፣ የቤቱም ዋጋ ያድግለታል፣ ስለዚህ በደጃፉ ስፋት ልክ በሜትር ተሰልቶ ቢከፍል ፍትሕ ነው ብለው ተከራከሩ። እኔ ከፍትሕ የዚህን ያህል የራቀ ነገር አላውቅም።

በዋጋው እንጀምር፤ የክርክሩ ስስ ጎን እሱ ነውና። 30 ዓመት አስፋልት የነበረ መንገድ እንደገና አስፋልት ሲለብስ ባለቤቱ የሚያገኘው ቤቱን ሲገዛ የነበረውን፣ ያኔውኑም የከፈለበትን ነገር ነው። የነበረን መመለስ ጥቅም መጨመር አይባልም። ጨመረ እንኳ ቢባል፣ ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ ጭማሪው ወረቀት ላይ የቀረ ቁጥር ነው፤ ዕዳው ግን በጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል። በጡረታ የምትተዳደር፣ ከቤቷም የመውጣት ሐሳብ የሌላት አሮጊት ያንን ገንዘብ ከየት ታምጣ? ቤቷ ማዕዘን ላይ ከሆነማ በሁለት በኩል ልትጠየቅ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ልጓም ካልተበጀለት የት እንደሚደርስ ለማየት በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኖርውድ በተባለች መንደር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። መንደሯ ቤከር በተባለች ሴት መሬት ላይ መንገድ ለማውጣት መሬቱን ወሰደችና ካሳ ከፈለቻት። ቀጥላም የካሳውን ገንዘብ ጨምራ መንገዱን የማስከፈቻውን ወጪ በሙሉ በዚያችው ሴት ቀሪ መሬት ላይ ጣለችው። በቀኝ እጅ ሰጥቶ በግራ መንጠቅ ማለት ይህ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1898 ከተገኘው ጥቅም እጅግ የበለጠ ክፍያ መጫን ንብረትን ያለ ካሳ መውሰድ ነው ብሎ ፈረደ። በዚያው አገር በሚኒሶታ ግዛት ዛሬም ክፍያው ሥራው ለንብረቱ ከጨመረለት የገበያ ዋጋ መብለጥ አይችልም። የቤት ዋጋ ያድጋል የሚሉ ሁሉ እንዲህ ባለ ሕግ ይታሰሩና ጭማሪውን በገማች ያስመስክሩ።

እኔን ይበልጥ ዕረፍት የሚነሳኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ መንገዱን ማን ሰበረው? መልሱ ከታወቀ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ በኦታዋ ከተማ አቅራቢያ፣ ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ ወታደሮች የሚነዷቸው የጭነት መኪኖች ያለማቋረጥ እየተመላለሱ መሐንዲሶች የመንገዱን መጎዳት ለኩ። የተገኘውን ውጤት መንገድ ሠሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳቱ የሚያድገው በግምት አክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) ላይ ባረፈው ክብደት አራተኛ ርቢ ነው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 2×2×2×2፣ ማለትም 16 እጥፍ ይሆናል። 1 ቶን ያረፈበትን የቤት መኪና አክስል 10 ቶን ካረፈበት የከባድ መኪና አክስል ጋር ብናስተያይ ልዩነቱ 10,000 እጥፍ ነው። አሥር ሺሕ! ባለቤቱ በየቀኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ ቢመለስ፣ የመኪናው ሁለቱም አክስሎች ተቆጥረው እንኳ፣ ያ ከባድ አክስል በአንድ ማለፍ ያደረሰውን ጉዳት ለማድረስ ወደ 7 ዓመት ይፈጅበታል። መኪና የሌላት አሮጊትማ ዕድሜ ልኳን ብትመላለስበት አንዲት ጠጠር አታነቃንቅም። የክፍያው ደብዳቤ የሚደርሰው ግን ለእሷ ነው።

የማያምን ያረጀ መንገድ ሄዶ ይይ። ከጠርዙ አጠገብ፣ የነዋሪው መኪና ቆሞ የሚያድርበት ቦታ አስፋልቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የጎደጎደውና እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀው ጎማ የሚረግጠው መስመር ነው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የተገፋው አስፋልት ተጨማዶ፣ ሲራመዱበት ጉብታው በጫማ ሶል በኩል ይሰማል። ውሃም አስፋልት እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ዝናቡን ግን ባለቤቱ አላዘነበውም። ከተማው ባለ ከባድ መኪናዎቹን ደፍሮ መጠየቅ ሲያቅተው ቤቱን ተሸክሞ መሸሽ የማይችለውን ሰው ይይዛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

አሠራሩ ቸልተኝነትን ይሸልማል። ስንጥቁን በጊዜው መድፈን ከከተማው በጀት ይወጣል፤ አፍርሶ መሥራት ግን ወደ ባለቤቱ ይላካል። ታዲያ የትኛው ከንቲባ ነው ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ከራሱ ካዝና የሚጠግነው? 20 ዓመት ዝም ብሎ መንገዱ ሲሞት የቀብሩን ወጪ ለደጃፉ ባለቤት ማስተላለፍ ይቀለዋል።

አዲስ ሰፈር ሲመሠረት የመጀመሪያውን መንገድ መሬቱን ሸንሽኖ የሚሸጠው ድርጅት ይሥራ፤ በዚህ አልከራከርም። ለነባሩ መንገድ ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚሉን፣ ጀርመን ውስጥ በርሊን ይህን ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰርዘዋል፤ ኖርዝ ራይን ዌስትፋሊያም እ.ኤ.አ. በ2024 ተከትላለች። በአምስት አኃዝ የተጻፈ የዩሮ ሂሳብ በፖስታ የደረሰው ሰው እዚያም ነበር፤ ዝም ስላላለ ነው የተሰረዘው። ስዊዘርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከ3.5 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪናዎችን በክብደታቸውና በተጓዙት ኪሎ ሜትር ታስከፍላለች። መቁጠር ይቻላል ማለት ነው። እንግዲያው ምክር ቤቱ የሰው ደጃፍ በሜትር ከመለካቱ በፊት፣ በዚያ መንገድ ላይ በቀን ስንት ባለ 10 ቶን አክስል እንደሚያልፍ ቆጥሮ ለነዋሪው ያቅርብ።